ወፎቹ ተራ የሚቀያየሩበት ገደል

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሰንራይዝ ማነር፣ የምንኖርበት ሰፈር

ባለቤቴ ጌታቸው ከካዚኖ ሌሊት ሺፍቱ እንደገባ መኪናው ውስጥ አስተኛሁትና ወደ ሀይቁ ለመሄድ መሪውን ያዝኩ። እሱ ሌሊት ካርታ ያድላል፣ እኔ ቀን የሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ልጆቹን የሚጠብቅ እንዳይጠፋ ነበር። የመጨረሻዋም ኮሌጅ ገብታ ሄደች፤ እኛ ግን ዛሬም የምንገናኘው በር ላይ ነው። አሁን የቀን ሺፍት ተገኝቶለታል፣ እስከ ዛሬ ማታ መልስ መስጠት አለበት። «እስቲ ላስብበት» ካለ ሳምንቱ። ምኑ ነው የሚታሰበው? ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም።

ሁለት ሰዓት ተኩል

ሀይቁ ውጧት የነበረች፣ ውሃው ሲሸሽ ብቅ ያለች የድሮ ከተማ። የተሰነጣጠቀ ጭቃ፣ የቤት መሠረት፣ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ። ጌታቸው አንዱ ቤት ውስጥ ቆሟል። በሩ በነበረበት በኩል ገባሁ። ወዲያው ወጣ።

«የት ትሄዳለህ?»

«እንጃ... አንቺ ስትገቢ መውጣት ለምዶብኝ!»

ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

አምስት ሰዓት

ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ነው የምናውቃቸው። በትንሿ ጀልባቸው ሀይቁ መሃል ወዳለች ደሴት ወሰዱን። የደሴቷ ገደል በወፍ ኩስ ነጭ ሆኗል፣ ሽታው አያድርስ ነው። የአንገተ ረጃጅም ጥቁር ወፎች ጎጆ ሞልቶበታል።

«ወንዱና ሴቷ እንቁላሉን በየተራ ነው የሚታቀፉት» አሉን ጋሽ ተፈራ።

«እንደኛ ሺፍት አላቸዋ!» አልኳቸው።

«ዝም ብለሽ እዪ እስቲ።»

አንዱ ጭራሮ ይዞ መጣ። ታቅፋ የነበረችው አልተነሳችም። አንገት ለአንገት ተሻሹ፣ ጭራሮውን ተቀብላ ጎጆው ላይ አስተካከለች፣ ብዙ ቆይታ በረረች። ጌታቸው ለፎቶ ያወጣውን ስልክ እንደያዘ ቀረ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ጫጩቶቹ በረው ሲሄዱስ?» አለ።

«እሱን አላውቅም ልጄ። እርስዎ ወፉን ቢሆኑስ ካልከኝ ግን፣ ከሴቷ ጋር አብሬ ዓሣ ፍለጋ ነበር የምሄደው።»

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቤት

ፊታችን በፀሐይ ተለብልቧል፣ ጫማችን ጭቃ ነው። አላስቻለኝም።

«ሳምንቱን ሙሉ ምን ነበር የምታስበው?»

«ሁሌ አብረን ስንሆን የምናወራው ብናጣስ ብዬ።»

እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።

«ለአለቃዬ ከሀይቁ ስንመለስ ቴክስት አድርጌለታለሁ» አለ።

«ምን ብለህ?»

ጫማውን ፈትቶ ከእኔ ጫማ ጎን አስቀመጠው።

«ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ስትነሺ ቀስቅሺኝ።»