ሸምበቆው ዳር የመደብኳቸው ሰዎች

አዞ እንደሚመላለስበት እያወቅሁ ሰው ስመድብበት የኖርኩት ቦታ አለ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በጸሎቴ እንኳ ዘልዬው አልፍ ነበር።

ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተረኛ የምመድበው እኔ ነኝ። ሸምበቆው ዳር ዓሣ ይበዛል፤ መረቡ ግን እየተዘነጠለ ይወጣል። «ጉቶ ይዞት ነው» እላቸው ነበር።

በዚህ ዕድሜዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አያያዝና የሰው ሀብት አስተዳደር እማራለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

ዛሬ መምህሯ «ሠራተኛ ስትመድቡ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?» አለች። ልጆቹ «ችሎታውን»፣ «ልምዱን» አሉ።

«ማታ በሰላም ቤቱ መግባቱንስ?» አለች።

የዛሬው የሸምበቆ ተረኛ ደስታ ነው። ሳላስፈቅድ ወጥቼ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

ደስታ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ወፍ እንኳ አይሰማም። ከሸምበቆው በኩል አንድ ቀጭን የውኃ መስመር ቀስ እያለ ወደ እሱ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ከክፍል ፎርፈው ነው?» አለኝ እየሳቀ።

«ቶሎ ውጣ። ጉቶ አይደለም፤ አዞ ነው።»

ወጥቶ አጠገቤ ቆመና «ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

እያወቃችሁ ዝም ያላችሁበት ነገር ካለ ጻፉልኝ። እኔ አስጋሪዎቹን ሁሉ ሰብስቤ እውነቱን ነገርኳቸውና መረቡን ከዚያ ቦታ አስነሣሁ።