ባዶውን ያልተመለሰው መኪና

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። እዚሁ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ቤቴ ሲመጣ ግን እኔን ከማየት ይልቅ ስልኩን ማየት ይቀናዋል። ድንች ቀቅዬ በበርበሬ አቅርቤለት እየበላን ሳለ ስለ አንድ ሩቅ አገር ጦርነት የሚያወራ ዜና ከፈተልኝ። መሣሪያ ሲሰጥ የቆየው ወዳጅ አገር አሁን ከመሬት በታች ያለውን ማዕድን ስጡኝ ብሎ ጠየቀ ይላል። ልጁ ዓይኑ ፈጦ «አክስቴ፣ እንዲህ በአደባባይ?» አለኝ።

እኔን የገረመኝ የእሱ መገረም ነው። ድንቄም ወዳጅ! ይሄኛው እንኳ አፍ አውጥቶ ጠይቋል። ንዴቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ የድንቹን ሰሃን ገፋ አደረግኩት። ስድሳን ያለፈች ሴት በሰው አገር ዜና እንዲህ ልትንጨረጨር አይገባም፤ ግን የተናደድኩት በዜናው ብቻ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ከአርባ ዓመት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ጉና ሥር ባለች፣ ከጋይንት መንገድ ብዙም በማትርቅ መንደር ነበር። ብርዱ ልዩ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም እስከ ደጃፍ ይመጣና ተማሪዎቼ ከውስጡ አንድ አንድ እያሉ ብቅ ይላሉ። ጠመኔ ለመያዝ ጣቴን መጀመሪያ ብብቴ ውስጥ ማሞቅ ነበረብኝ። ያደግኩት ደብረ ታቦር ከተማ ስለሆነ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አላውቅም ነበር።

ማደሪያ ክፍል የሰጡኝ አያ ደሳለው የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ፤ ሲስቁ እንኳ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሙላት በሰሜን በኩል ለሚካሄደው ጦርነት ተመልምሎ ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። ሚስታቸው ማታ ማታ የባቄላ አሹቅ በሰሃን ይልኩልኛል፤ እኔም ሰሃኑን ስመልስ ስኳር ወይም ሻይ ቅጠል ጣል አደርግበታለሁ። በእኛ አገር የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ከሚመለስ ቢሰበር ይሻላል።

ግንቦት ላይ የወረዳው ካድሬ ሕዝቡን ሰበሰበ። መንግሥታችንን በጦርነቱ የሚረዳ አንድ ወዳጅ አገር አለ አለ። ይህ ወዳጅ መሣሪያ የሰጠን ለወንድማማችነት ብሎ ነው፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ ለገበሬዎቹ የስንዴ ዱቄት በመኪና ልኮላችኋል፤ በምላሹ ምንም አልጠየቀም። ይህን ሁሉ ካወራ በኋላ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሆኖም ገበሬው ምስጋናውን በባቄላ ቢገልጽ መልካም ነው አለ።

ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የዓመቱን የኮታ እህል በጥር ለመንግሥት አስረክበዋል። በየቤቱ የቀረው የዘር ባቄላ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ከሚበላው ተለይቶ ለብቻው ጎታ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ አፉም በእበት ይመረጋል፣ እስከ ሰኔም አይከፈትም። ልጅ ቢያለቅስ አይነካም። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ይህንኑ በትሕትና ተናገሩና ተቀመጡ።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረና «መምህርት፣ እስቲ በሚገባቸው አስረጂያቸው» አለኝ።

ደስ አለኝ! አፈር ልብላ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተነሳሁት። ያ ሁሉ ሽማግሌ የእኔን አፍ ሲጠብቅ ልቤ አበጠ። ጎረቤት ምግብ በሰሃን ቢልክላችሁ ሰሃኑን ባዶውን ትመልሳላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እንግዲያው የወዳጅ መኪና ዱቄት አራግፎ ባዶውን ሲመለስ የላከው አገር ምን ይለናል አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ካድሬው በአንድ ሰዓት ንግግር ያላገኘውን እኔ በአንድ ሰሃን አገኘሁለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔዋ ቃል አፋፉን አልፋ ገደል ገብታለች።

በሳምንቱ ሦስት የጭነት መኪናዎች መጥተው መንገዱ ዳር ቆሙ። ለየቤቱ አንድ አንድ ጆንያ ዱቄት ታደለ። ገበሬው ደግሞ የዘሩን ባቄላ በስልቻ፣ በአህያ፣ በትከሻው እያመጣ ይገለብጥ ጀመር። ከመኪናዎቹ ጋር አንድ ወጣት ፈረንጅ መጥቷል። አስተርጓሚው ምሳ ሊበላ ሄዶበት ብቻውን ቆሞ የሰጡትን የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። እንግሊዝኛ እንደምችል ሲያውቅ ፊቱ በራ፤ እኔም የተማርኩትን የምሞክርበት ሰው አገኘሁ ብዬ ቀረብኩት።

መኪናዎቹ ዛሬ ይሞላሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስምምነቱ ሦስቱም ሞልተው ወደብ እንዲደርሱ ነው፤ መርከብ ይጠብቃል አለ።

የምን ስምምነት ነው አልኩት።

ቆሎውን እያኘከ «የመሣሪያው ነዋ» አለኝ። «መንግሥታችሁ ዋጋውን በእህል ነው የሚከፍለን።»

ዱቄቱስ ብዬ ጠየቅኩት። ዱቄቱ መጋዘን የቆየ ነው፤ መኪናዎቹ ባዶአቸውን ከሚመጡ ተብሎ ተጭኖ ነው አለኝ። ሰውዬው አንዲት ነገር አልዋሸኝም። የማውቅ መስሎት እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያዋራኝ። የዋሸችን የራሳችን ምላስ ናት፤ ከሁሉም የባሰችው ደግሞ የእኔዋ።

ዞር ስል አያ ደሳለው ስልቻቸውን ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። አጠገቤ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው «ለሙላት መሣሪያ ያቀበለ ሰው ከደጄ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ልጄ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ይመለሱ፣ ይህ ስጦታ አይደለም፣ ተሸጧል ልላቸው ነበር። ካድሬው አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ያየኛል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ጠዋት ከቤቱ የተገኘ ሰው አላውቅም። እሱስ እሺ፣ ፍርሃት ነው ልበል። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። በሳምንት ውስጥ ያንን የመሰለ ንግግሬን በገዛ አፌ ማፍረስ አሳፈረኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና አፌን መልሼ ዘጋሁ። አያ ደሳለው ስልቻውን ገለበጡ፤ ከዚያም ፈረንጁን በሁለት እጃቸው ጎንበስ ብለው ጨበጡት። እሱም ፈገግ አለላቸው።

ዱቄቱ የጆንያ ጠረን ነበረው። ነቀዙን ነፍተን ብንጋግረውም ሊጡ ኩፍ አላለም፤ ልጆቹ ግን በሉት፣ ሐምሌም ሳይገባ አለቀ። ሰኔ ላይ የአያ ደሳለው ማሳ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ዘር አጥቶ ተኛ። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ዝናቡ ባዶ መሬት ላይ ሲወርድ ሲያዩ እኔ በጓሮ በኩል ዞሬ እወጣ ነበር። ጥቅምት ላይ አንዱን በሬ ሸጡ። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ደግሞ ባለ በሬ እስኪደርስለት ሲጠብቅ ወቅቱ ያልፈዋል። እኔ በዓመቱ ወደ ከተማ ተዛወርኩ። ተዛወርኩ እላለሁ እንጂ ሸሸሁ ነው።

ብዙ ዓመት አለፈ፣ ጦርነቱም አበቃ። አንድ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ጤፍ ሸምቼ ተሸካሚ ብጠራ፣ ጎንበስ ብለው ጆንያውን ሊያነሱ የመጡት አያ ደሳለው ሆነው ተገኙ። መሬቱን ለእኩል እንዲያርሰው ለሌላ ሰው ሰጥተው ከተማ ገብተዋል። ጆንያውን አስቀምጬ አጠገባችን ካለ ምግብ ቤት አስገባኋቸው። ሙላት በደህና ተመልሷል፣ አግብቷል አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ሳቁ። ያን ጊዜ አላስችል አለኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስምምነቱን፣ መርከቡን፣ ስልቻቸውን ሳያወርዱ አውቄ ዝም ማለቴን።

ያነሱትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢረግሙኝም ደስታዬ ነበር።

«እኔኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰጥቼ ነበር። ስለሰጠሁ እግዜር ልጄን መለሰልኝ እያልኩ ነበር የኖርኩት። ጆንያ ስሸከምም እሱን እያሰብኩ ነው። አሁን ምን ብዬ ልሸከም?»

ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር፣ እስኪሞቱ ድረስ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ስልኩን ካስቀመጠው ቆይቷል። በወዳጅነት ስም መጥተው ሌላው ሲሞት ገበያ የሚያቆሙትን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ የገዛ ሕዝባቸውን ዘር የሚሸጡላቸውንማ ጭራሽ። ግን እነሱ ይዘው የሄዱት ባቄላውን ነው። ከአያ ደሳለው ላይ የመጨረሻውን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እውነት ብዬ፣ የራሴን ሆድ ላቀልል።

«ታዲያ ባትነግሪያቸው ይሻል ነበር?» አለኝ ልጁ።

«መንገርስ ነበረብኝ» አልኩት። «ስልቻው ትከሻቸው ላይ እያለ።»