ጠመንጃው ንጹሕ ነው

ሚስቴ ማርሊስ ዛስትሮ ሰው አትወድም እየተባለች ትታማለች። ሐሰት ነው። ሰው ትወዳለች፤ የምትጠላው ሰበብ ነው። በእኛ አገር፣ በሰሜን ዊስኮንሰን፣ ኅዳር ሲመጣ ሰውና ሰበብ ተለይተው ስለማይሄዱ ነው ወሬው የተነሣባት።

ማርሊስ ጠመንጃ ጠጋኝ ናት። ከዚያ በፊት በአንድ የአደን ጠመንጃ ፋብሪካ ውስጥ የመጨረሻው ጠረጴዛ የእሷ ነበር። ጠመንጃው ተሠርቶ፣ ተገጣጥሞና ተወልውሎ ሲያበቃ እሷ ዘንድ ይደርሳል። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አቅንታ ውስጡን ታያለች፤ ቃታውን ትስባለች፤ ብሎኖቹን በጣቷ ትዳስሳለች። ከዚያ ወይ "ንጹሕ ነው" ትላለች፣ ወይ ወደ መጣበት ትመልሰዋለች። ብዙ ትመልስ ነበር። ጡረታ የወጣች ቀን ኬክ ቆረሱላት፤ አለቃዋ እንባ ተናነቀው፤ የደስታ ይመስለኛል።

አሁን የምትሠራው ጋራዣችን ውስጥ ነው። የእኔ መኪና በረዶ ላይ ያድራል።

የአጋዘን አደን ሲከፈት ወንዶቻችን ሰው መሆናቸው ከሩቅ እንዲለይ ብርቱካንማ ካፖርታቸውን ለብሰው ጫካ ውስጥ ወዳለችው የአደን ጎጆአችን ይወጣሉ። የጎጆዋ ሕግ ከአባቶቻችን የመጣ ነው። ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጭራ በመቀስ ይቆረጥና ስሙ ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። የእኔን ጨርቆች ያየ እንግዳ መጋረጃ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ከዚህ ፍርድ ማምለጫው አንድ ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የጠመንጃው ከሆነ ሸሚዝ አይነካም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የምትወስነው ደግሞ ማርሊስ ናት።

ስለዚህ አደኑ በተከፈተ ማግስት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጠመንጃ የታቀፈ ወንድ ሁሉ ደጃችን ላይ ይሰለፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት የዘመኑን ጥቁር ጠመንጃ የያዙት ናቸው። ማርሊስ ጠመንጃውን አትጠላም። እንዲያውም ሽማግሌዎቹ "እንጨት የሌለው መጫወቻ" ሲሉት ትቆጣለች። ቀላል ነው፣ ትከሻ አይደቃም፣ የሠራው ማሽን በደንብ ከተስተካከለ ክፍሎቹ ሳይንገጫገጩ ይገጥማሉ። ችግሩ ማንም ሰው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈትቶ ሊገጥመው መቻሉ ነው፤ የገጠመ ሁሉ ደግሞ ራሱን መሐንዲስ አድርጎ ይሾማል። ለምሳሌ ትሮይ። ትሮይ የማርሊስን የወንድም ልጅ ያገባ፣ ደግ፣ ወሬኛ ሰው ነው። ጠመንጃውን ዕቃ በዕቃ ከየቦታው ለቃቅሞ ነው የገጣጠመው። ያን እሑድ አንደኛ ተሰልፎ ገባ።

"አክስቴ፣ አንዱም ተራ ዕቃ የለውም። ሁሉም ምርጥ ነው" አላት።

"እሱስ ልክ ነህ። አፈሙዙ ጥሩ፣ ሰደፉ ጥሩ፣ ማነጣጠሪያ መነጽሩ ጥሩ። ግን አውቶቡስ ላይ የተገናኙ መንገደኞች ናቸው። እርስ በርስ አይተዋወቁም።"

"ጥፋቱ የጠመንጃው ነው ማለት ነዋ!"

"ቆይ፣ አትቸኩል። ይኼን ሁሉ ዘይት ምን ልሁን ብለህ ነው ያፈሰስክበት?"

"እንዳይዝግ ነዋ።"

"ዘይቱ በዚህ ብርድ ረግቶ ሙጫ ሆኗል። እንዲያውም መተኮሱ ይገርማል። ጠመንጃ ነው ሰላጣ?"

"እንዴ አክስቴ፣ ታዲያ..."

"ጠመንጃው ቢቆሽሽም ንጹሕ ነው። በል ሸሚዝህን አዘጋጅ። ቀጣይ!"

ቀጣዩ ወንድሟ፣ የትሮይ አማት አርደን ትቬት ነበር። ሲገባ ውጭ የነበረው ሳቅ ቆመ።

አርደን የጎጆዋ አለቃ ነው። መቀሱን የሚይዘው እሱ ነው። የሁላችንንም ሸሚዝ የቆረጠ እሱ፣ መተኮስ ያስተማረን እሱ፣ አባታቸው ከሞተ በኋላ ማርሊስን ያሳደገም እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ስሙ የለም። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያቺን ጎጆ ነው፤ ሌላውን ጊዜ የሚያሳልፈው ማገዶ በመፍለጥና ቴሌቪዥኑን በመሳደብ ነው። ትከሻው ስላስቸገረው ሴቶች ልጆቹ ከጥቁሮቹ ጠመንጃዎች አንዱን ገዝተው ሰጡት። ወር ያህል አኮረፈው፤ ከዚያ ተዋደዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእሱ በኩል አንድ ተኩስ ሰማን። ለምሳ ስንሰበሰብ ባዶ እጁን መጣ።

"ሳትኩ" አለ።

 ትሮይ ሳያስበው መቀሱን አየው።

"ምን ታፈጣለህ? ጠመንጃው ነው!" አለ አርደን ፊቱ ቀልቶ። "አጋዘኑ ጉብታው አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። እንዲህ ያለ ቀንድ ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ተኮስኩ፤ ቀስ ብሎ ሄደ።"

"ተተኩሶበት ቀስ ብሎ?"

"ቀስ ብሎ።"

"ንቆህ ይሆናላ" አለ ትሮይ፤ ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ።

እና ያን እሑድ ጋራዡ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አርደን፣ ማርሊስ፣ ምድጃው ላይ እንጨት የምጨምረው እኔ። ሌሎቹ ደጅ ቢራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ማርሊስ ወንድሜ ነው ብላ አላሳጠረችም። አፈሙዙን አየች፣ ቃታውን ሳበች፣ ከዚያ ማነጣጠሪያ መነጽሩን በሁለት ጣት ያዝ ስታደርገው ተወዛወዘ። ብሎኖቹ ላልተዋል።

"ጥፋቱ የጠመንጃው ነው" አለች።

አርደን ከልቡ ተነፈሰ። "አላልኳችሁም? አላልኩህም ኖርብ?"

"ብለሃል" አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። የዚያን ሰውዬ ሸሚዝ ሲቆረጥ ማየት አልፈልግም።

ማርሊስ ግን ጠመንጃውን አላስቀመጠችውም። ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። "መነጽሩን ማን ገጠመው?"

"እኔ ነኛ። ሞግዚት ይቀጠርልኝ?"

እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ። በየብሎኑ ዙሪያ ጥቁሩ ቀለም ተጫጭሯል። ካቻቢቴው እየሳተ፣ እየተንሸራተተ፣ ደጋግሞ የፋቀው ነው። አርደን ብሎን ላይ ጭረት የሚተው ሰው አልነበረም። ማርሊስ ልጅ ሳለች አንድ ጭረት ብትተው ሥራውን አስፈትቶ እንደገና የሚያስጀምራት እሱ ነበር።

ካቻቢቴውን አቀበለችው። "እስቲ አጥብቀው።"

"አንቺ እያለሽ?"

"አጥብቀው አልኩህ።"

የብሎኑን ስንጥቅ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈለገ። ካቻቢቴውን አስገባሁ ብሎ ሲያዞር ሸርተት ብሎ ብረቱን ጫረው። ደገመ። ያው ሆነ።

"ብርሃኑ ነው" አለ።

"እኩለ ቀን ነው፣ አርደን። ትናንት ምን አየህ?"

"አጋዘን።"

"ቀንዱ ስንት ቅርንጫፍ ነበረው?"

 ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ጠርዙን ስቶ መሬት ወደቀበት።

"ቡናማ ነገር አየሁ" አለ። "ይንቀሳቀሳል። አጋዘን ይመስለኛል።"

ይመስለኛል። ጫካ ውስጥ ጣት ቃታ ላይ ሳለ "ይመስለኛል" የሚባል ቃል የለም። ይህን ያስተማረን አርደን ራሱ ነው፤ ልጅ ሳለን ያንን ቃል ያመለጠው ሰው ለዚያ ቀን ጠመንጃው ይቀማ ነበር። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት የተቀመጥኩት ከዚያ ጉብታ ማዶ ነው። ጥይቱ ወደ እኔ አቅጣጫ ነው የሄደው። ተናደድኩ፤ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ልሰድበው ቀና ስል ግን መሬት ላይ የወደቀውን ካቻቢቴ በዓይኑ እየፈለገ ነበር። እግሩ ሥር ነው ያለው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው ማርሊስ።

"አምናም እንዲሁ ነበር። መሐሉ ይጠፋብኛል፤ ዳር ዳሩ ይታየኛል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማርሊስ፣ ጎጆዋን ከወሰዳችሁብኝ ምን ይቀረኛል?" አላት።

 ጠመንጃውን ይዛ ወጣች። እኔም ተከተልኳት። ወንዶቹ ተነሡ።

"ጥፋቱ የጠመንጃው ነው" አለች። እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም። "የሚጠገንም አይደለም። እኔ ዘንድ ይቀራል።"

አንድ ሚስማር ብቻ የቀረውን ጠመንጃ እንኳ "ይጠገናል" የምትል ሴት ናት። እኔ ውሸቱ ገባኝ፤ ለወንድሟ ሸሚዙንም ክብሩንም ትታለት ከጫካው ልታወጣው ነው። ጥሩ ውሸት ነበር። ያላሰበችው እነዚያ ሰዎች አርደንን ምን ያህል እንደሚወዱት ነው።

"ታዲያ ምን ችግር አለ፣ የኔን ይውሰዳ!" አለ አንዱ።

"ያንተ ከባድ ነው፤ ትከሻውን ያመዋል። የኔን!"

"አማቼን ለእኔ ተዉልኝ" አለ ትሮይ፤ ያንን በዘይት የሰከረ ጉድ በሁለት እጁ ዘርግቶ። "አሁኑኑ እወለውለዋለሁ። ነገ ጠዋት ራሴ ጉብታው ላይ አደርሰዋለሁ፤ እኔ ከታች እየዞርኩ አጋዘኑን እነዳለታለሁ።"

 ማርሊስ ውሸት ላይ አዲስ ስለሆነች ሁለተኛ አላዘጋጀችም። 

አርደን በሩን ተደግፎ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። "እህቴ ዋሸቻችሁ" አለ።

ይህ ነገር በከተማችን ተሰምቶ አያውቅም። ቢራ ወደ አፉ ያደረሰው ሁሉ እዚያው ላይ አቆመው።

"ጠመንጃው ንጹሕ ነው። የማያይ እኔ ነኝ።"

ሸሚዙን ከሱሪው መዝዞ አወጣ። መቀሱን ከኪሱ አውጥቶ ጭራውን ራሱ ቆረጠ፤ ጠማማ አድርጎ ነው የቆረጠው። ትሮይ ኮፍያውን አወለቀ። ማርሊስ ፊቷን ወደ ጋራዡ መለሰች፤ ታለቅስ ነበር።

አርደን መቀሱን ለትሮይ ሰጠና ጨርቁን በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ መጣ። በጣም ቀረበኝ።

"ኖርብ፣ ትናንት የት ነበርክ?"

"ከጉብታው ማዶ።"

"ብርቱካንማህን ለብሰህ?"

"ለብሼ።"

"አላየሁህም" አለኝ።

"ምንም አይደል" ልለው አፌን ከፈትኩ። ውሸት ስለሚሆንብኝ ዝም አልኩ።