በሬዎች የቀየሱት የሞተር ሜዳ

በወላይታዋ ትንሽ ከተማችን በበዴሳ የሞተር ውድድር ሜዳ ነበረን ስል የትልቋ ከተማ የሶዶ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ። እርግጥ ነው፣ ሜዳችንን የቀየሰው መሐንዲስ ሳይሆን በሬ ነው። በከብት ገበያችን በሬ የሚገዛ ሰው «እስቲ አዙረው» ይላል፤ ሻጩም በሬው እንደማያነክስ ለማሳየት ሜዳውን ያዞረዋል። በሬ ሲዞርበት ኖሮ ክብ መንገድ ወጣ። ኋላ ሞተር ሳይክል ወረዳችንን ሲያጥለቀልቅ፣ እኛ ሰው አመላላሽ ሞተረኞች ገበያ በሌለበት ቀን እዚያው መሽቀዳደም ጀመርን። የቀበሌው ሊቀመንበር «ይሄ ልማት አይደለም» ብሎ ሁለቴ ከለከለን፤ በሦስተኛው ራሱ ዳኛ ሆነ። ኩርባው ላይ ያለው እበት ግን ማንንም አይፈራም፣ ስንቱን ጀግና ጥሏል።

እኔ የምሮጠው ለዋንጫ አልነበረም። የምወዳት ልጅ አባት ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ «ሞተረኝነት ደግሞ ሥራ ነው?» ስለሚሉ ሽማግሌ ለመላክ ፈርቼ ነበር። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ሰሞን በሚደረገው ውድድር ፊታቸው አንደኛ ብወጣ ልባቸው ይራራል አልኩ። ያፈቀረ ሰው ብዙ አያስብም።

ቀኑ ደረሰና በመጨረሻው ዙር እየመራሁ ሳለ፣ ዳር ከቆመው ሕዝብ መካከል አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሱ። እጅ ሲነሳ ሞተረኛ ይቆማል። እኔም ሳላስበው ፍሬን ያዝኩ።

«ልጄ፣ ሶዶ አድርሰኝ» ብለው ተፈናጠጡ።

ጓደኞቼ በግራም በቀኝም አለፉኝ። ትልቅ ሰውን ይውረዱ ማለት ነውር ሆነብኝና እሳቸውን እንደያዝኩ ዙሩን ጨረስኩ፤ መጨረሻ ወጣሁ።

«ምነው፣ እዚያው መለስከኝ?» አሉ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የልጅቷ አባትም ቆመው ያዩ ነበር። እፍረቱን ቻልኩት፤ ልጅቷን ግን አጣኋት ብዬ ቆረጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ሞተረኞች ተሰልፈን ሳለን አባቷ መጡ። ፈጣኖቹ «አባባ፣ ወዲህ! ወዲህ!» ቢሉ ሁሉንም አልፈው እኔ ፊት ቆሙ።

«ከሁሉ ቀርፋፋው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

ከኋላዬ ተቀምጠው ወገቤን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሶዶ አደረስኳቸው። ወርደው ጋቢያቸውን አራገፉ።

«ሽማግሌ ስትልክ» አሉኝ፣ «በእግራቸው ይምጡ፤ ይፈጥናሉ።»