ሽማግሌ የሚልክ እጢ

ኅዳር 18 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ታላቅ እህቴ የጡቷን እጢ ሳታስወጣ ጎንደር ካለ ሐኪም ቤት ወጣች። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ለመጪው ማክሰኞ ተይዞላት ነበር፤ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ አሻራዬን አላኖርም አለች።

ምክንያቷን ጠየቅኋት።

"ብረት የነካው እጢ ይበተናል። አምባ ጊዮርጊስ ጎረቤቴ የነበረችው ተቀድዳ በተመለሰች በዓመቷ ሞተች።"

ይህን አባባል በአገራችን በወገራ ያልሰማ የለም። ብዙ ዓመት በጋዜጠኝነት ሠርቻለሁ፤ ይህን ግን አጣርቼ አላውቅም። እሷን ቁስቋም፣ እኔ ቤት አድርሼ የሕክምና ተማሪዎችን ስለ ካንሰር ወደሚያስተምር ሐኪም ወዳጄ ሄድሁ።

"እጢው ቢላ ይጠብቃል እንዴ?" አለኝ የእህቴን ነገር ስነግረው ሳቅ ብሎ። በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ ክብ ሣለ፤ ከክቡ የሚወጡ ነጠብጣቦችም ጨመረበት። የካንሰር ሕዋስ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ደቃቅ ከረጢቶችን ይለቃል አለኝ። በውስጣቸው ፕሮቲንና የዘር መልእክት ይዘው በደም ይጓዛሉ። የዋጣቸው ጤነኛ ሕዋስ ጠባዩ ይለወጣል። ካንሰሩ ራሱ ከመድረሱ በፊት ሳንባ ወይም አጥንት ላይ ማረፊያ ያሰናዱለታል።

"ቢላ ሳይነካው?"

"ቢላ የሚባል ሳያይ!"

ብዕሬን አወጣሁ። ስንት መግለጫ ላይ ተቀምጬ እንዲያ ተቻኩዬ አላውቅም። ሁለቴ አስደገምሁት።

"ረጋ በል እንጂ። አብዛኛው የታወቀው በቤተ ሙከራና በአይጥ ነው፤ መድኃኒት ተገኘ ብለህ እንዳትጽፍ። ጎረቤቷም ዘግይታ ሄዳ ይሆናል፤ መዝገቧን ሳላይ ግን አልምልም።"

ይህንንም ጻፍሁት። ታክሲ መጠበቅ አቅቶኝ የቁስቋምን ዳገት በእግሬ ወጣሁት።

እህቴ ሰምታኝ ስትጨርስ የጠጣችበትን ብርጭቆ ከልጆቼ አራቀችው።

"አይጋባም እታለም። ጉዞው በገዛ ገላሽ ውስጥ ነው።"

ብርጭቆውን መልሳ አኖረችው። ከዚያ በሁለት እጇ ጉልበቷን መታች።

"ሽማግሌ እየላከብኝ ነዋ!"

እሷ ራሷ የተዳረችው በሽማግሌ ነው። "አንድ ጊዜ መጡ፣ አባታችን መለሳቸው። ሁለተኛም መጡ፣ መለሳቸው። በሦስተኛው ነው የተረታ። ሙሽራው ሳይመጣ ቤቱን የሚያለዝቡ እነሱ ናቸው። ያንን ለፍላፊ ባሌን ያመጡብኝስ እነሱ አይደሉ?" አለችና ሳቀች። ወዲያው ሳቋን አቆመች። "ይህ እጢስ አሁን የላከው ስንተኛውን ነው?"

"አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም።"

"ምነው ታዲያ ተቀምጠን እናወራለን? ላኪውን ያውጡልኝ!"

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አሻራዋን አኖረች። ማክሰኞ፣ ኅዳር 24፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጣች። እጢው ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ ወደ ምርመራ ክፍል ተወሰደ።