ተጎታች ሲታሰር ዝም ይባላል

መጋቢት ሲጋመስ የአሪዞና በረሃ ሰው ማባረር ይጀምራል። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ኳርትዝሳይት ከምትባል ከተማ ዳር ጠጠሩ ሜዳ ላይ ሰፍረው የከረሙት ጡረተኞች፣ ተጎታች ቤታቸውን ከመኪናቸው ኋላ እያሰሩ አንዱ ወደ ኦሪገን፣ አንዱ ወደ ሞንታና፣ ሌላው ወደ ካናዳ ይበተናል። ቨርሊን ሃስኬትም በዚያ ሳምንት መነሣት ነበረበት። ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ጥድ ወደሚበዛበት ደጋ ነው። ያልታወቀው ይሂድ አይሂድ የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ግራንት ሊወስደው ከሚኖርበት ከኦማሃ ከተማ መጥቷል።

ቨርሊን ነብራስካ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የማሞቂያ ሠራተኛ ሆኖ ነው ያረጀው። የሌላ ሰው ልጆች ፎቅ ላይ እንዳይበርዳቸው እሱ ምድር ቤት እሳት ሲጠብቅ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱ ከኦፓል ጋር ተማክረው ቤታቸውን ሸጡና ተጎታች ገዙ። ተማከሩ ይባል እንጂ እሱ ተናገረ፣ እሷ “እሺ” አለች። ግራንት ያደገበት ቤት ነበርና አኮረፈ።

ሰው ቤት ሲሠራ መሬት ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይቀብራል፣ ከዚያ በኋላ እዚህ ነኝ ይላል። የነዚህ ሰዎች ቤት መሠረቱ ጡጫ የምታህል የብረት ኳስ ናት። ከፒካፑ ኋላ ትቀመጣለች፤ የተጎታቹ አፍ ይጎርሳታል፤ መቆለፊያው ይወርድና ፒን ይገባበታል። ምድጃው፣ አልጋው፣ የሚስት ቀሚስ፣ የዕድሜ ማብቂያ ሁሉ በዚያች ኳስ ላይ የተጣለ አደራ ነው። ሲያስቡት፣ ሰው ከሰው ጋር የሚኖረውም ከዚያ በሰፋ ነገር ላይ ተቀምጦ አይደለም።

ቨርሊን እዚያ ሜዳ ላይ አዲስ መጤ ሲመጣ ታጣፊ ወንበሩን አንጠልጥሎ ሄዶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ዝም ብሎ ያይና፣ “ከባዱን ዕቃ ኋላ ነው የጫንከው አይደል?” ይላል።

“በምን አወቅህ?”

“ተጎታችህ አፍንጫዋን ሰቅላለች። ጅራቷ ከከበደ መንገድ ላይ ወገቧን መስበቅ ትጀምራለች፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ አንተን ይዛ ገደል ነው። ከባዱን ከጎማው ወደ ፊት አምጣው።”

ጎማዬ ጥርሱ አላለቀም ለሚለው፣ “ጥርሱን ተወው፣ ዕድሜውን ጠይቅ። የተጎታች ጎማ ቆሞ ነው የሚሞተው፤ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። እንደኛው ነው” ይለዋል። ጣሪያ ላይ ውጡና ማስቲሹ የተሰነጠቀበትን ዛሬውኑ ድፈኑ፣ ዝናብ በዚያ ገብቶ ግድግዳችሁን እንደ ራሰ ዳቦ ያሳብጠዋል ይላል። ጎማው ሥር ታኮ ሳታደርጉ መኪናችሁን እንዳትፈቱ ይላል። የሽንት ቤቱን ታንከር መልቀቂያ ክፍቱን ትቶ ለሚቀመጥ ደግሞ፣ “ውሃው ይሄድና ሌላው ይቀርልሃል። ያን ቀን እንኳን ጎረቤት ውሻም አይጠጋህም” ሲል ሜዳው በሙሉ ይስቃል።

ከሁሉ በላይ ግን እዚያ አገር አንድ ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ። ተጎታች የሚያስርን ሰው ማንም አያናግረውም። ሰላም አይባልም፣ ደህና ሁን አይባልም፣ ቢያስነጥስም “ይማርህ” አይባልም። ካናዳዊቷ ሎሬታ፣ የቨርሊን የቅርብ ጎረቤት፣ የአንዱ ሰውዬ ውሻ ለእራት ያወጣችውን ሥጋ ነክሶ ሲሮጥ ዓይኗ እያየ፣ ባለውሻው ተጎታቹን እያሰረ ስለነበር ትንፍሽ አላለችም። ፒኑን እስኪከት ጠብቃ ነው የሰደበችው። ቨርሊን ለዚህ ሕግ የራሱን ይጨምርበታል፤ “ከተናጋሪው ይልቅ ጥፋተኛው የመለሰው ነው። ሰውን ዝም በል ማለት የማይችል አይሰር።”

ኦፓል በሕይወት ሳለች እሱ አስሮ ሲጨርስ ከኋላው ዞራ እያንዳንዱን በእጇ ነክታ ታይ ነበር። ካቻምና እዚያው በረሃ ላይ ልቧ ቆመ። አምቡላንሱ የሚመጣው ከሩቅ ነበርና ሲደርስ የሚያነሣው ሬሳ ነበር። ቀብሯ ላይ ግራንት በሰው ፊት፣ “በዚህ ጎማ ባለው ሣጥን ስትጎትታት ገደልካት” አለው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በስልክ የሚነጋገሩት ስለ አየሩ ነው። ዘነበ? አልዘነበም። በረደ? አልበረደም።

ቨርሊን ግን በዚያች ቃል ሲታኘክ ነው የከረመው። እውነት ጎትቷት ይሆን? “እሺ” የምትባል ቃል ክፉ ናት፤ ፍቅርም፣ ድካምም፣ ተስፋ መቁረጥም በእኩል ይደበቁባታል። በሕይወት ሳለች አልጠየቃትም። ሰው የሚፈራውን መልስ አይጠይቅም፤ ጊዜ ያለው ይመስለዋልና።

ሎሬታ በመኪናዋ ከፊኒክስ አውሮፕላን ማረፊያ ያመጣችው ግራንት የአባቱን እጅ አየ፤ ኩባያ ሲያነሣ ይንቀጠቀጣል።

“አባዬ፣ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል።”

“ክፍል አለኝ።”

“ይሄ ክፍል ነው? ሰባ ስምንት ዓመትህ ነው እኮ! መንገድ ላይ ብትዝልስ? የሰው መኪና ላይ ብትወጣስ?”

“እስከ ዛሬ አንድም ሰው ላይ አልወጣሁም።”

“እስከ ዛሬ!”

ሎሬታ ከወንበሯ ሆና፣ “እኔ ከተማ ውስጥ ስነዳ አጠገቤ ተቀምጠህ ከመጣህ በኋላ የሱ መንዳት ያስፈራሃል?” ብላ ቀለደች፤ የነዳችው እሷ ነበረችና ግራንትም ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ትንሽ አለዘበው።

“እሺ እንዲህ እናድርግ” አለ። “ነገ ማንም ሳይረዳህ ብቻህን እሰራት። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ እስከ አስፋልቱ አውጣት። በደህና ካወጣሃት፣ ሁለተኛ ና አልልህም። አንዲት ነገር ከሳትክ ግን ከእኔ ጋር ትመጣለህ።”

ቨርሊን እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ። ለቨርሊን መጨባበጥ ማለት ማኅተም ነው፤ ልጁም ያንን ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት የቀሩት ጎረቤቶች ሁሉ ወንበራቸውን ወደ እሱ አዙረው ተቀመጡ። ግራንትን እንዳትረዳው አሉት እንጂ እንዳታናግረው ያለው የለም። እዚያ ሜዳ ላይ ሕፃንም የሚያውቀው ነገር ነውና፣ ለሰው ይነገራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ቨርሊን ፒካፑን ወደ ኋላ አስጠግቶ ኳሷን ልክ ከተጎታቹ አፍ ሥር አቆማት። አንዴ ብቻ ወርዶ አየ፤ መመለስ መገፋት አላስፈለገውም። ከወንበሮቹ በኩል የሆነ ሰው በአፍንጫው የረካ ድምፅ አወጣ እንጂ ቃል አልወጣውም። ክሪኩን ሲያዞር እጁ መንቀጥቀጡን ተወ። የተጎታቿ አፍ ቀስ እያለ ወርዶ ኳሷን ጎረሰ። ግራንት ይሄን ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ አባቱ ሥራ ሲሠራ። ልጅ ሆኖ አባቱ ወደሚሠራበት ምድር ቤት መውረድ ክልክል ነበር። እዚያ ቆሞ ሲያይ የሆነ ነገር ውስጡ ተፈታ።

“አባዬ” አለ፣ “እማዬ ልትሞት ሰሞን ደውላልኝ ነበር።”

ሎሬታ ከወንበሯ ብድግ አለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች፤ እሷም ብትናገር ሕጉን መጣስ ነው።

የቨርሊን እጅ መቆለፊያው ላይ ቆመ። አሁን ዝም በል ሊለው ይገባል። ያውቃል። ለስንቱ አስተምሮታል።

“ምን ብላ?” አለ።

“ልነግርህ አልፈለግኩም ነበር። ተናድጄብህ ነበር። ‘ወደ ቤት ነይ እያልክ አታስቸግረኝ፤ ቤቴ ውስጥ ነኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የኖርኩበት ዘመን የለም’ አለችኝ። ቀብሯ ላይ ያልኩህን... ማለት አልነበረብኝም።”

“ደስ ብሎኝ አለች?”

“አዎ፣ አለች።”

ቨርሊን ፊቱን ከሜዳው ማዶ ወዳለው ተራራ አዞረ። ተራራው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ተመልሶ ጎንበስ ሲል እጁ የመጠባበቂያውን ሰንሰለት አገኘ። የለመደ እጅ መሐል መንገድ ላይ ሲያቋርጡት ወደተወው ቦታ አይመለስም፤ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ሰንሰለቶቹን አጠላልፎ አያያዘ። የመብራቱን ገመድ ሰካ። ክሪኩን አነሣ፣ ታኮዎቹን ሰበሰበ፣ ፍሬቻውን ፈተሸ። መቆለፊያው ወደ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ከወንበሮቹ ሆኖ ያንን ማየት የሚችል አልነበረም።

አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቨርሊን ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀሎት ነበር። ተጎታቿ ተከተለች፤ አስፋልቱ ይታያል። በመሐል የዝናብ ጎርፍ የቆረጣት ትንሽ ቦይ አለች። የፊት ጎማዎቹ አለፉ፣ የኋላዎቹ አለፉ፣ ከዚያ ፒካፑ ነጠረና ከኋላቸው ብረት ጮኸ። የተጎታቿ አፍ ከኳሷ ላይ ዘሎ ወደቀ፤ ሰንሰለቱ ያዘው፤ ቨርሊን ፍሬን ሲይዝ ግን ቤቱ ከኋላ መጥቶ ስፖንዳውን መታው።

ግራንት ቀድሞ ወረደ። “መቆለፊያው ክፍት ነው! አባዬ፣ አልቆለፍከውም!”

ጉዳቱ ትንሽ ነበር። የክሪኩ እግር ተጣሟል፣ ስፖንዳው ጎድጉዷል። ሎሬታ እያለከለከች ደርሳ፣ “ይሄ እስከ ከሰዓት ይቃናል” አለች። ቀጥላም ወደ ግራንት ዞረች፤ “አንተ ልጅ፣ ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ? ሰው እያሰረ—”

“ሎሬታ!” አለ ቨርሊን።

“ምን ሎሬታ ትለኛለህ? በዓይኔ አይቼ!”

“ዘነጋሁ። አረጀሁ። በቃ።”

እውነቱን ቢናገር ቤቱ ይቀርለት ነበር። አንተ ስላናገርከኝ ነው ቢለው ውሉ ይፈርስ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ምስክር ነው። ግን ያን ቃል፣ ልጁ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ያወጣውን ቃል፣ የአደጋ ምክንያት ሊያደርገው ነው? ግራንት ሁለተኛ አፉን ይከፍታል? ቨርሊን መዘነ። ቤቱን ለቃሉ ሰጠ። ርካሽ ነው ብሎም አሰበ።

ግራንት ግን ደንግጦ ነበር፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ቅርቡ ያለውን ያነሣና ይወረውራል። “አውራ ጎዳናው ላይ ቢሆንስ?” ብሎ ጮኸ። “ከኋላችን ልጆች የጫነ መኪና ቢሆንስ? እንዲህ ነው የምትዘነጋው። እማዬንም እንዲሁ ነው የዘነጋሃት፤ ልቧ ሲደክም አላየህም። ደስ ብሎኛል ያለችኝ እንዳልጨነቅ ብላ ይሆናል። ምን ትበል? እሷ ‘እሺ’ ከማለት ሌላ መች ታውቅ ነበር!”

ቨርሊን ልጁን አየው። የገዛው ዕቃ በቅጡ ሳይይዘው ከእጁ የወደቀበት ሰው ይመስል ነበር።

“ይሆናል” አለ።

ጎረቤቶቹ ተጎታቿን ወደ ቦታዋ መለሷት። ቨርሊን ልብሱን በሻንጣ ከተተ፣ ጋዙን ዘጋ፣ የውሃ ታንከሩን አፈሰሰ። ሎሬታ በሩ ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አሁንስ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?” አለችው።

“ምን ይጠቅማል? ስለ መቆለፊያው ቢያምነኝም እናትህ ደስ ብሏት ነበር ብለው አያምነኝም። ቅድም ያለው ይሁን አሁን ያለው እውነቱ፣ እሱም አያውቀውም።”

“አንተ ሽማግሌ፣ ጅል ነህ።”

“ነኝ።”

“ተጎታቿንስ ምን ላድርጋት?”

ቨርሊን ጣሪያዋን ቀና ብሎ አየ። “ለሚወስዳት ሰው ንገሪው፤ በቀኝ በኩል ከመስኮቱ በላይ ማስቲሹ መታደስ አለበት። ከባድ ዕቃ ኋላ አይጫንባት። ጎማዎቿን ፀሐይ እንዳያገኛቸው ይሸፍናቸው።” ሌላም የሚጨምር መስሎ ቆመና ተወው።

ግራንት ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ ነበር። ቨርሊን በራሱ መኪና ውስጥ በተሳፋሪው ወንበር ተቀመጠ፤ ቀበቶው የት እንዳለ ፈለገ። ግራንት የግራውንና የቀኙን መስታወት ተመለከተ። ለተጎታች ሲባል እንደ ክንድ ወደ ውጭ የተዘረጉ ትልልቅ መስታወቶች ናቸው፤ ከሰፊ ቤት ኋላ ያለውን መንገድ የሚያሳዩ።

“እነዚህ ከእንግዲህ ለምን ይሆናሉ?” አለ። ወርዶ ሁለቱንም ወደ ውስጥ አጥፎ ከበሩ ጋር አጣበቃቸው።

ቨርሊን በጎኑ ባለው መስታወት ሲመለከት የታየው የራሱ የመኪና በር ብቻ ነበር።