ምነው ሁዳዴ ባላለቀ

ላቦራቶሪ ውስጥ የአሴቶን ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር፣ ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ እጄ ሥራውን ሳያቋርጥ ልቤ ብድግ ብላ ሱሉልታ ትሄዳለች። ባልደረቦቼ መስኮት ለመክፈት ይሽቀዳደማሉ፤ እኔ አልነሣም። ዕድሜዬን ሙሉ የስኳር በሽታንና ስብ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚቃጠል ሳጠና ነው የኖርኩት፣ ሰዎችም «ምን አስመረጠሽ?» ሲሉኝ ስለ ሳይንስ አንድ ሁለት ነገር አውርቼ እሸኛቸዋለሁ። እውነቱ ግን ያ ሽታ የእህቴ የአስካለ ትንፋሽ መሆኑ ነው።

ደግሞ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ለቅሶ ቤት ይሁን ሰርግ ቤት፣ ሥራዬን የሰማ ሁሉ «ድሮ ስኳር በሽታ የት ነበር! የድሮ ሰው ማሩንና ቅቤውን በልቶ ጤነኛ ነበር» ይለኛል። እስቲ ዝም በሉ! ድሮ በሽታው ነበር፤ ስም የሚያወጣለት ሰው ነው ያልነበረው። እኛ ቤት ማርም ቅቤም ሞልቶ ነበር።

ቤታችን ከእንጦጦ ማዶ፣ ከጎጃም መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ዳር ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባዬ ላሞች ያረባ ነበር፣ ጓሮ ባሉት ጥዶች ላይም ቀፎ ይሰቅል ነበር፤ የእማዬ ቅቤ ደግሞ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። እኔ የወተት ጥርሴን ስነቅል እትዬ አስካለ ለትዳር ደርሳ ነበር። ረጅም፣ ደንደን ያለች፣ የወተት ማሰሮ በአንድ እጇ የምታነሣ ልጅ ነበረች፤ እኔን «አፈኛዋ» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

መስከረም ላይ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን፣ ከሰበታ ሽማግሎች መጥተው እትዬን ለአንድ ደህና ቤተሰብ ልጅ ጠየቁ፣ አባዬም ሁለቴ ካመላለሳቸው በኋላ እሺ አለ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ፤ ሆኖም የሙሽራው አያት ስለሞቱ ለዳግማይ ትንሣኤ ተዛወረ። ከታጨችበት ቀን ጀምሮ እትዬ ከቤት አትወጣም፣ ፀሐይ አይነካትም፣ ትቀለባለች። እንደዚያ ነበር ወጉ። «ከስታ ከቤቴ የምትወጣ ሙሽራ የለችኝም፤ ሰበታዎች ምን ይሉኛል?» ትል ነበር እማዬ።

ኅዳር ሲገባ አባዬ ማሩን ቆረጠ፣ እማዬም ጠዋት ጠዋት በቅቤ የራሰ ገንፎ ፊቷ አስቀምጣ፣ በዋንጫ ብርዝ ትሰጣት ነበር። ብርዝ በውሃ ተመትቶ ገና ያልፈላ ማር ነው፤ ሕፃን ይጠጣዋል። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ ትራፊውን እጠብቅ ነበር፤ እትዬም እማዬ ዞር ስትል ዋንጫውን ወደኔ ታዘነብልልኝ ነበር።

በጥር ብርድ እትዬ ውሃ ውሃ ማለት ጀመረች። እንስራው ገና ከምንጭ መጥቶ ሳይቀመጥ ትጨልጠው ነበር። ከጓሮ መመላለስም አበዛች። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ ሳቂታ አሮጊት፣ እትዬ ውሃ የሸናችበት ቦታ ጉንዳን ግጥም ብሎ አየችና «ኩን ማሊ? ኧረ ምንድነው ይሄ! ይቺ ሙሽራ ከማር ነው እንዴ የተሠራችው? ጉንዳን እንኳ አወቀባት!» ብላ እልል አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እትዬም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ይህ ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፣ ያን ቀን ያ ጉንዳን ከሁላችን በላይ ያወቀውን እኔ ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ!

እየበላች ከሳች። የሰርግ ቀሚሷን ሁለቴ አጠበቡላት። እማዬ «ዓይን ነው የበላት» ብላ ደረቷን ደቃች፣ ማሩንም ጨመረች። ማሩን በጨመረች ቁጥር ጥማቱ ባሰ፤ ጥማቱ በባሰ ቁጥር ብርዙን ደገመችላት። በፍቅር እጅ ነበር የምታጠጣት፤ ይህን የምጽፈው ማንም በእናቴ እንዳይፈርድባት ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል የንስሐ አባታችን መጥተው አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስእለት ይሁንላት፤ እስከ ፋሲካ ከጎመን በቀር እንዳትቀምስ። ማሩም ይቅር» አሉ። እማዬ «አባቴ፣ እንዲህ በአጥንቷ ቀርታ? ይማሯት እንጂ!» ብላ ተማጸነች፣ ግን ቃላቸውን አልጣሰችም።

እናም እትዬ ተሻላት። ጥማቱ ረገበ፣ እንስራው ውሎ ማደር ጀመረ። ሥጋዋ ባይመለስም ዓይኗ ተመለሰ። ደጅ ወጥታ በግድግዳው ጥግ ጸሐይ ትሞቅ፣ እኔንም ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራኝ ነበር። አንድ ቀን ጣቶቿ ጸጉሬ ላይ ቆሙና «ምነው ሁዳዴ ባላለቀ» አለች።

«ዶሮው ይቅር ልትዪ ነው?» አልኳት ደንግጬ።

«አንቺ ሆዳም! ለሆድሽ ብቻ!» ብላ በማበጠሪያው መታ አደረገችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስጾም ይተወኛል» አለችኝ። ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ የበሰለ ፍሬ ይሸት ነበር።

ፋሲካ መጣ። እማዬ የሁለት ወር ብድሯን ልትከፍል የተነሣች ይመስል ነበር፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ከሁሉም በላይ ትልቁ ዋንጫ ብርዝ። «ጠጪ የኔ እናት፣ ስእለትሽ ሰምሯል» አለቻት። እትዬ ዋንጫውን ይዛ እናቷን ትንሽ አየቻት። እንዳልፈለገች ገብቶኛል፤ ግን የእማዬን ፊት የሚያይ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ጠጣች።

ጥማቱ እንደ ተከፈተ በር ገባ። ያስመልሳት ጀመር። አባዬ ጎንበስ ብሎ ሲያቅፋት «ጠጅ አጠጥታችኋታል እንዴ?» አለ፣ እማዬም «በስመ አብ! ብርዝ ነው እንጂ!» አለች። ትንፋሿ እየረዘመ፣ እየጠለቀ ሄደ፤ ተኝታ ሳለ ዳገት የምትወጣ ትመስል ነበር። ቤቱ በሙሉ ያን ሽታ ሸተተ። አባዬ ከተማ ሆስፒታል ይሁን አለ፣ እማዬ የእንጦጦ ጸበል አለች፣ መንገዱ እስከ ተራራው አንድ ነውና በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ከተማዋ ከምትታይበት ከጫፉ ሳይደርሱ አረፈች። ዳግማይ ትንሣኤ ለሰርጓ የተጠራው ሰው ለለቅሶዋ ደረሰ፣ የሰበታዎቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አባዬ ቀፎዎቹን ከጥዶቹ አውርዶ ለሰው ሰጠ።

ዓመታት አልፈው ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አንድ ቀን ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ መምህሩ የአሴቶን ጠርሙስ ሲከፍቱ እትዬ ከጀርባዬ የቆመች መሰለኝና እየሮጥኩ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ያን ሽታ አልለቀቅሁትም። የእትዬ ሰውነት ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ የጠፋበት ቤት ነበር፤ ስኳሩ ደሟ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሊጠቀምበት ስላልቻለ፣ የቤቱን ማገር እየነቀለ እንደሚያነድ ሰው የገዛ ስቧን ያነድ ነበር። ሽታው የዚያ ጢስ ነው። ቁልፉ ኢንሱሊን ይባላል፤ ያን ጊዜም ከተራራው ወዲያ፣ ከተማ ሆስፒታል ነበር። ሁዳዴው ደግሞ ጎተራው ላይ የሚጨመረውን አስቀርቶ ጥቂት ቀን ጨምሮላት ነበር።

ይህን ባወቅሁ ዓመት ለፋሲካ ሱሉልታ ሄድኩ። እማዬ ማር በእጇ መንካት ከተወች ቆይታለች። ሰው ሲሄድልን አጠገቤ ተቀመጠች። «ተምረሽ የለ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ። ማሬ ነው?»

«እማዬ፣ መርፌውን ካልተወጋች ማሩ ቢቀርም አትድንም ነበር» አልኳት። እውነት ነው።

«ሁዳዴው ግን ይዟት ነበር።»

«አዎ።»

«ባላስፈስካት ኖሮስ?»

መዋሸት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። «ትንሽ ትቆይ ነበር። ምናልባት እስከ ክረምት።»

«እስከ ክረምት» አለች እማዬ። ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጣጠፈች። «ክረምት ትወድ ነበር» አለችና ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ እናቴ ፋሲካ አልፈሰከችም። ለእኛ ዶሮውን ታወጣለች፣ እሷ ጎመኗን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። የንስሐ አባቷ «በበዓለ ሃምሳ መጾም ነውር ነው፤ ጌታ ተነሥቷል!» ብለው ቢቆጧት «አባቴ፣ ልጄ ያልጨረሰችው አለ፤ እሱን ነው የምጨርስላት» ትል ነበር። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሜዳውን ሲመታ ብቻ አንድ ጣት ቅቤ ትቀምስ ነበር።

ዛሬ ሆስፒታል ስሄድ ያንኑ ትንፋሽ የሚተነፍሱ ልጃገረዶች አያለሁ፤ መርፌውን ይወጋሉ፣ በማግስቱ ተቀምጠው «ራበኝ» እያሉ እናታቸውን ይነዘንዛሉ። የእኛን መንገድ አሁን ሚኒባስ ይወጣዋል፣ ያን ዳገት ወሬ ሳያልቅ ይጨርሰዋል። እናቴም አርፋለች። ፋሲካ ሲደርስ ልጆቼ ዶሮውን ያቀርቡልኛል፣ እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ፣ የምጾመው ነገር እንደማይረባ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ሳህኑን ወደ እነሱ ገፋ አድርጌ፣ ዝናብ እጠብቃለሁ።